ጠመኔ ሲፈቀድ ደብዳቤ ለምን ይከለከላል?

የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የመንግሥት ሕግና የውትወታ ታሪክ

ከወድ ኤል ሒለው



ባለፈው ክረምት የትምህርት ቤታችን መምህራን አንድ ደብዳቤ ጻፍን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ትምህርታቸውን ጨርሰው ነበር። ነገር ግን የየትኛውን አገር ፈተና እንደሚፈተኑ፣ የሚሰጣቸውም ወረቀት የት እንደሚያገለግል በግልጽ የነገራቸው ሰው የለም። ስለዚህ «የሚመለከተው ክፍል መልስ ይስጠን» የሚል አንድ ገጽ ተኩል አዘጋጀን። ወላጆች ፈረሙበት፤ መጻፍ የማይችሉትም የጣት አሻራቸውን አኖሩበት። ከዚያ ትምህርት ቤታችንን ወደሚረዳው ድርጅት ቢሮ ይዘን ሄድን።

ያነጋገረን ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበና እንዲህ አለን፦ «የጻፋችሁት እውነት ነው። ግን እኛ ይሄን ይዘን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መሄድ አንችልም። የተፈራረምነው የትምህርት አገልግሎት ለመስጠት ነው። ጠመኔ ስጠን ብትሉኝ እሰጣለሁ። ደብዳቤ አድርስልን ካላችሁኝ ግን አድቮኬሲ ይሆንብኛል፤ ፈቃዳችንንም ያስነጥቀናል።»

ጠመኔውን ይዘን ተመለስን። በማግስቱ ራኩባው ሥር ክፍል ገብቼ የሆነውን ስነግራቸው፣ ፊት የምትቀመጠው ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ጠመኔ ከተፈቀደ ደብዳቤ ለምን ይከለከላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሕግ እማር ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት። ያኔ ስለዚህ ጉዳይ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621 ለፈተና ብዬ አንቀጽ በአንቀጽ ሸምድጄው ነበር። የሰው ሕይወት እንደሚነካ የገባኝ ግን ከዚያች ልጅ ጥያቄ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

«ሎቢ» የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ትርጉሙ ሰው የሚቆይበትና የሚተላለፍበት የሕንፃ አዳራሽ ማለት ነው። የምክር ቤት አባላት ወደ ስብሰባ ሲገቡና ሲወጡ እዚያ ቆሞ የሚጠብቃቸው፣ «ይሄን ሕግ እንዲህ አድርጉልን» የሚላቸው ሰው ሎቢ አድራጊ ተባለ። በእኛ አገር ሕጎችና የድርጅት ጽሑፎች ውስጥ «ማግባባት» ወይም «ውትወታ» ተብሎ ይገኛል። ሰፋ ሲል «አድቮኬሲ» ይሉታል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ደጅ ይጠኑ ነበር፤ «አቤት!» ይሉ ነበር። ልዩነቱ ደጅ ጠኚ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለራሱ ነው፤ መሬቴ ይመለስልኝ፣ ሹመት ይሰጠኝ ይላል። ወትዋች ግን የሚጠይቀው ሕጉ ወይም አሠራሩ ለሁሉም እንዲለወጥ ነው።

አንድ ድርጅት የሚሠራውን ነገር በሦስት ከፍለን ብናይ ታሪኩ ይቀልልናል። አንደኛው አገልግሎት ነው፤ እህል ማደል፣ ውኃ ማውጣት፣ ጠመኔ መስጠት። ሦስተኛው የፓርቲ ፖለቲካ ነው፤ እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አውርዱ ማለት። በእነዚህ መካከል ሁለተኛው አለ፤ ውትወታ። «ይሄ ሕግ ሰው እየጎዳ ነውና ይስተካከል» ማለት ነው። አንደኛውን የሚከለክል መንግሥት ጥቂት ነው። ሦስተኛውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚፈቅድም ጥቂት ነው። ጠቡ ሁልጊዜ በመካከለኛው ላይ ነው፤ ከአገልግሎት ጋር ይቆጠር ወይስ ከፖለቲካ ጋር? ከዚህ በታች ያለው ታሪክ በሙሉ የዚህ መካከለኛ ነገር ወዲያና ወዲህ መገፋት ነው።

በንጉሡና በደርግ ዘመን

ዕድር፣ ዕቁብና ጽዋ ማኅበር መንግሥት ሳይመዘግባቸው የኖሩ ናቸው። ማኅበር በጽሑፍ ሕግ የተደነገገው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከዚያ በ1959 ዓ.ም. የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ቁጥር 321 ወጣ፤ መዝጋቢውም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሆነ። የጸጥታውን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ማኅበር ሲቋቋም መንግሥት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጸጥታ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ መሥራት ነበር። ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበበት። ሕዝብ ሲሰበሰብ ደግሞ ወሬው ከመንገድ ወደ መሬትና ወደ እኩልነት መሄዱ አልቀረም። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ መሪዎቹ ታሠሩ፤ ከታሠሩት አንዱ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማኅበሩም ታገደ። አገልግሎት ሆኖ የጀመረው ወደ መካከለኛው ሲጠጋ፣ መንግሥት እንደ ሦስተኛው ቆጠረው።

ደርግ ሲመጣ ማኅበራት ሁሉ በመንግሥት ጥላ ሥር ገቡ። የገበሬ ማኅበር፣ ቀበሌ፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበር እያለ ራሱ አደራጃቸው። በ1977ቱ ረሃብ ግን የውጭ ድርጅቶች በብዛት ገቡ። መንግሥት በዚያው ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት «ሰፈራው በግድ ነው፤ ሰውም እየሞተበት ነው» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በ1978 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተባረረ። ሌሎቹ ድርጅቶች አብዛኞቹ ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እነዚህን ድርጅቶች በቶሎ መውቀስ ይቀላል። «ከተናገርን እንባረራለን፤ ከተባረርን ማን ያበላቸዋል?» የሚል ከባድ ጥያቄ ነበረባቸው። ይሄ ጥያቄ እኛ ባለንበት በምሥራቅ ሱዳንም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወደ ሁለት መቶ ሺህ የሚሆን የትግራይ ሕዝብ በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ወድ ኮውሊን በመሳሰሉ ሠፈሮች ሲሰፍር፣ ገዳሪፍና ካሳላ የእርዳታ መተላለፊያ ሆኑ። የትግራይ መረዳጃ ማኅበርና የኤርትራ መረዳጃ ማኅበር ከነፃ አውጪ ግንባሮች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። ቢሆንም እህሉ በሌሊት በድንበር ይገባ ነበር። የሱዳን መንግሥት እያየ ዝም ይላል፤ ረጂዎቹም ብዙ አያወሩም። የዝምታ ስምምነት ልንለው እንችላለን። ሕይወት አድኗል። ነገር ግን በወረቀት ያልተጻፈ ፈቃድ በማንኛውም ቀን የሚነጠቅ ነው።

ሴቶቹ ያስለወጡት ሕግ

ከደርግ ውድቀት በኋላ ነፃ ማኅበራት ብቅ አሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ጓደኞቻቸው በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉ) አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ።

የሴቶቹን ታሪክ በተለይ ሴት ተማሪዎቻችን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ባልንም የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገዋል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሴትና ወንድ በጋብቻ እኩል ናቸው ቢልም፣ አሮጌው ሕግ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ማኅበሩ ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ዋለ። ከዚያ ሥራ የተማረውን ይዞ «ሕጉ ራሱ ካልተለወጠ አንድ በአንድ ጥብቅና ብንቆም አያልቅም» ብሎ ተነሣ። ጥናት አቀረበ፣ ስብሰባ ጠራ፣ የምክር ቤት አባላትን አነጋገረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የባል የበላይነትም ከሕጉ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ስለሆነ፣ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። ባሕር ዳር ወይም መቀሌ ያለች ልጅ በ15 ዓመቷ እንዳትዳር ካስፈለገ፣ ወትዋቹ አዲስ አበባ ተቀምጦ አይሆንለትም፤ ወደ ክልሉ ምክር ቤት መሄድ አለበት። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕጉን በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ሌሎቹም በየጊዜያቸው አወጡ። ውትወታ በክልል ደረጃ ሲባል እንግዲህ ይሄ ነው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበሩ በአንዲት የተበደለች ሴት ጉዳይ መንግሥትን በአደባባይ በመተቸቱ ታግዶ ገንዘቡም ተይዞ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተለቀቀ።

የእኛው የመምህራን ነገር

እኛ መምህራን የራሳችንንም ታሪክ ማወቅ አለብን። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከመንግሥት ጋር የሚስማማ፣ ሌላው የትምህርት ፖሊሲውን የሚተች። የተቺው ወገን ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሠሩ። የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። አቶ አሰፋ የኢሰመጉ አመራር አባልም ነበሩ።

የስሙና የንብረቱ ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በሰኔ 2000 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ለሌላው ወገን ወሰነ። የተሸነፉት መምህራን በአዲስ ስም፣ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር ተብለው ለመመዝገብ ቢያመለክቱ አልተፈቀደላቸውም። ምዝገባ ተራ የቢሮ ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ። ያልተመዘገበ ማኅበር የባንክ ሒሳብ መክፈት አይችልም፤ ማኅተም የለውም፤ ደብዳቤው በየትኛውም ቢሮ ቁጥር አይሰጠውም። አፍ ሳይታሠር ድምፅ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 621

በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫ እንዳይታዘቡ ከለከለ። ምክንያቱ «ስትመዘገቡ ምርጫ መታዘብን በዓላማችሁ አልጻፋችሁም» የሚል ነው። ድርጅቶቹ ከሰው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ይግባኙም ጸና። ብቻ ምርጫው ግንቦት 7 ነበርና የቀራቸው ቀን ጥቂት ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ግጭትና እሥራት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ድርጅቶችን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2001 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅን አጸደቀ። አዋጁ ድርጅቶችን በሦስት ይከፍላል፦ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ። መለያው ሥራው ሳይሆን በዋናነት የገንዘቡ ምንጭ ነው። ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት፣ አባላቱ በሙሉ ኢትዮጵያውያን ቢሆኑም «የነዋሪዎች» ይባላል እንጂ «የኢትዮጵያ» አይባልም። «የኢትዮጵያ» ያልተባለ ደግሞ በእነዚህ ጉዳዮች አይሠራም፦ ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ የብሔረሰቦች፣ የጾታና የሃይማኖት እኩልነት፣ የሕፃናትና የአካል ጉዳተኞች መብት፣ ግጭት አፈታትና እርቅ፣ የፍትሕና የሕግ አስከባሪ አካላት አሠራር።

የመንግሥትንም ክርክር መስማት ተገቢ ነው። «ስለ አገሩ ፖለቲካ የሚወስነው ዜጋ ነው። ዜጋ በራሱ ገንዘብ ይደራጅ፣ ይናገር። በውጭ ገንዘብ የሚናገር አፍ የገንዘቡ ባለቤት አፍ ነው» የሚል ነበር። ይሄ ባዶ ክርክር አይደለም። አንዳንድ ድርጅቶች ለሕዝቡ ሳይሆን ለረጂዎቻቸው ሪፖርት ሲኖሩ እኛም አይተናል።

ችግሩ ክርክሩ ከኑሮው ጋር አለመገናኘቱ ነው። በዚያን ጊዜ ከአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ የመብት ድርጅት ማቆም የሚቻልበት ሁኔታ አልነበረም። ድሃው የሚያዋጣው የለውም፤ ሀብታሙ ደግሞ ከመንግሥት ጋር ላለመጣላት ይጠነቀቃል። ስለዚህ «በራሳችሁ ገንዘብ ተናገሩ» ማለት በተግባር «አትናገሩ» ማለት ሆነ። የኢሰመጉ ገንዘብ በ2002 ዓ.ም. በባንክ ታገደ፤ ክርክሩ ሰበር ድረስ ሄዶ በ2005 ዓ.ም. እገዳው ጸና። ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። «የኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ለመያዝም በአምስት ክልሎች መሥራት ስለሚጠየቅ ስሙን ለውጦ ቆየ። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹም አብዛኞቹን ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች «መብት» የሚለውን ቃል ከዓላማቸው ፍቀው በልማት ስም ተመዘገቡ።

ሌላም ነገር ነበረው። ወጪያቸው 70 በ30 እንዲሆን ታዘዙ፤ ማለትም የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳያልፍ። ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ ብዙ ጊዜ በአስተዳደር ይቆጠር ነበር። በኤጀንሲው ውሳኔ ቅር የተሰኘ «የነዋሪዎች» ወይም «የውጭ» ድርጅት ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት በአዋጁ አልተሰጠውም፤ የተሰጠው «ለኢትዮጵያ» ድርጅቶች ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል?

ውትወታን በሕግ የማይቆጣጠር አገር ጥቂት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1890 ወትዋቾች ስማቸውንና የከፈላቸውን ሰው እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ ግዛቶቹ ሁሉ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት እጩ መደገፍ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ውትወታ ግን በልክ ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሕግ ለሚመርጡት ድርጅቶች ልኩን በቁጥር አስቀመጠ፤ ከመጀመሪያው 500 ሺህ ዶላር ወጪ እስከ ከመቶ 20፣ ከዚያ በላይ እየቀነሰ፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ሳያልፍ።

የእኛ ሰዎችም ይህን መንገድ ተጠቅመውበታል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ እንዲወጣ የየአካባቢያቸውን ተመራጮች ወተወቱ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ ድርጅት ቀጥሮ በተቃራኒው አስወተወተ። ረቂቁ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2007 በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፤ በሴኔቱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። በባዕድ አገር መንግሥትም ስደተኛም እኩል ወትዋች ሆነው ቆሙ፤ የቀጠሩትና የከፈሉትም በመዝገብ ተጻፈ።

አዋጅ ቁጥር 1113 እና ክልሎች

በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ 621 መጀመሪያ እንዲታዩ ከተባሉት ሕጎች አንዱ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ወጣ። የ10 ከመቶው ገደብ ተነሣ። ማንኛውም ድርጅት በሕጋዊ ሥራ ሁሉ መሰማራት ይችላል ተባለ። የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 20 እንዳያልፍ ሆነ፤ የይግባኝ መብትም ለሁሉም ተሰጠ።

ለእኛ ርዕስ ዋናው አንቀጽ 62 ነው። ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲለወጡ ወይም እንዲሻሻሉ ሐሳብ የማቅረብ መብት አላቸው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ፣ ሌላ ሕግ ካልፈቀደላቸው በስተቀር የውጭ ድርጅቶችና በኢትዮጵያ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ያቋቋሟቸው ድርጅቶች የፖለቲካ ፓርቲዎችን መወትወት፣ የመራጮች ትምህርት መስጠትና ምርጫ መታዘብ አይችሉም። አያችሁ? መካከለኛውንና ሦስተኛውን ለይቶ አስቀመጠ። የውጭ ገንዘብ የሚያገኘው የአገር ልጅ ድርጅት አፉ ተፈታ፤ የፓርቲ በር ለውጭው ድርጅት ተዘጋ። በእኔ አስተያየት በእኛ አገር ከወጡት የተሻለው መለያ ይሄ ነው።

ሆኖም የፌዴራሉ አዋጅ የሚገዛው የውጭ ድርጅቶችን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉትን ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ትንሽ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ ወረዳ ላይ ያለ የመምህራን ወይም የእናቶች ማኅበር መናገር ይችል እንደሆነ የሚወስነው የክልሉ ሕግና የክልሉ ሹም ነው።

ሕግ መጻፉ ብቻ እንደማይበቃም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ባለሥልጣኑ ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶችን «ገለልተኛ አይደላችሁም፣ ከዓላማችሁ ወጥታችኋል» በሚል አገደ፤ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሣ። መካከለኛው እንደገና ወደ ሦስተኛው ሲገፋ ማለት ነው።

ወደዚህ ስንመለስ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ያለነው ከተከዜ ማዶ ነው፤ እዚህ ሰቲት ይሉታል። የምንገዛውም በሱዳን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ ስደተኛ የተጠለለበትን አገር ሕግ እንዲያከብርና በየትኛውም አባል አገር ላይ ከሚደረግ የማፈራረስ ሥራ እንዲርቅ ያዛል። እ.ኤ.አ. የ1974 የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ በፖለቲካ እንዳይሳተፍ ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ ሕግ ተተካ። ምክንያቱ ይገባናል። ሱዳን ከጎረቤቶቿ ጋር በስደተኛ ምክንያት መጣላት አትፈልግም፤ ድንበሩም ሁልጊዜ ሰላም የነበረው ድንበር አይደለም።

ድርጅቶቹ ደግሞ የሚተዳደሩት በሰብዓዊ ርዳታ ኮሚሽን ነው፤ እኛ ሃክ የምንለው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የበጎ ፈቃድና ሰብዓዊ ሥራ ሕግ የምዝገባና የፈቃድ ሥልጣን ሰጥቶታል። ፈቃዱ ካርቱም ላይ አያልቅም። ድርጅቱ በሚሠራበት ግዛት፣ ገዳሪፍም ይሁን ካሳላ፣ ከግዛቱ ሃክና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር የሥራ ስምምነት ይፈራረማል። ስምምነቱ ላይ የተጻፈው «ትምህርት» ከሆነ ሥራው ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወጣ ያለ ሁሉ ያስጠይቃል።

ፍርሃታቸውም ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንት አልበሽር ላይ የእሥር ማዘዣ ባወጣ ጊዜ፣ መንግሥት በዚያው ሰሞን 13 የውጭ ድርጅቶችን አባረረ፤ ሦስት የአገር ውስጥ ድርጅቶችንም ዘጋ። ክሱ ለፍርድ ቤቱ መረጃ አቀብላችኋል የሚል ነበር፤ ድርጅቶቹ አስተባበሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ የድርጅት ሠራተኛ የሰውን ችግር በወረቀት ከመጻፍ በፊት ሁለቴ ያስባል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ናት፤ ጥንቃቄው የበለጠ ጨምሯል። ጠመኔ ሰጥቶ ደብዳቤ የመለሰልን ሰው ይህን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ ነበር። ይህን ሳጠና ቁጣዬ በረደ፤ ጥያቄው ግን አልበረደም።

ደብዳቤያችንስ?

ታዲያ ለተማሪዬ የምሰጣት መልስ ይሄ ነው። ደብዳቤ የሚከለከለው ደብዳቤ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መንግሥታት በአገልግሎትና በፖለቲካ መካከል ያለውን መሬት ለማንም መልቀቅ ስለማይፈልጉ ነው። ማን እንደከፈለ መጠየቅ ትክክል ነው፤ ይመዝገብ፣ ይታይ። ነገር ግን «ገንዘቡ ከውጭ ነውና ዝም በሉ» የሚል ሕግ የሚጎዳው ባለገንዘቡን አይደለም፤ እሱ ሌላ አፍ አለው። ሌላ አፍ የሌለውን ነው የሚጎዳው፤ በ15 ዓመቷ የምትዳረውን ልጅ፣ ያልተመዘገበውን መምህር፣ ወረቀቱ የማይታወቅለትን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ።

ሁለተኛም፣ የሴቶቹ ማኅበር ታሪክ አንድ መንገድ ያሳየናል። እነሱ ያሸነፉት በጩኸት ብቻ አይደለም። የእያንዳንዷን ባለጉዳይ ነገር ጽፈው ይዘው ነበር። ጥያቄያቸውም «መንግሥት ይውረድ» አልነበረም፤ «ይሄ አንቀጽ ይለወጥ» ነበር።

እኛም ደብዳቤያችንን እንደገና ጻፍነው። የሰው ስም የሚያወግዘውን አንድ አንቀጽ አወጣን። በድርጅት ስም መሆኑ ቀርቶ በወላጆችና መምህራን ኮሚቴ ስም ሆነ። የተማሪዎቹን ቁጥር፣ የክፍል ደረጃና ትምህርት የጨረሱበትን ዓመት በሠንጠረዥ አያያዝን። በዓረብኛም አስተረጎምነው። ከዚያ ድርጅቱን ሳናስቸግር፣ ኮሚቴው ራሱ ለሠፈሩ አስተዳደር አስገባው። ጸሐፊው ተቀብሎ ቁጥርና ቀን ጻፈበት። ግልባጩ በእኔ እጅ አለ።

እስካሁን መልስ አልመጣም። ተማሪዎቹም እየጠበቁ ነው፤ ሁለቱ መጠበቁ ሰልችቷቸው ሰሊጥ አጨዳ ሄደዋል። ቢሆንም አሁን ቁጥር ያለው ወረቀት አለን፤ ቁጥር ያለውን ወረቀት ደግሞ «አላየሁትም» ማለት ይከብዳል። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ወላጅና አንድ መምህር ሄደው ይጠይቃሉ። ደጅ ጥናት በሉት፣ ውትወታ በሉት፤ ሳናቋርጥ እንሄዳለን።

ለክፍል ውይይት

1. በሠፈራችሁ ካሉት ሥራዎች የትኛው አገልግሎት፣ የትኛው ውትወታ፣ የትኛው የፓርቲ ፖለቲካ ነው? ለእያንዳንዱ ምሳሌ ስጡ።

2. ክፍሉን ለሁለት ከፍሉ። አንዱ ወገን «በውጭ ገንዘብ የሚረዳ ድርጅት ስለ ሕግ መናገር የለበትም» ይበል፤ ሌላው ይቃወም። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩና ድገሙት።

3. ስለ አንድ የትምህርት ቤታችሁ ችግር ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። የሚወነጅል ቃል አይግባበት፤ ቁጥር፣ ቀንና አንድ ግልጽ ጥያቄ ይኑረው።

ቸር ይግጠመን።